በአንድ እጅ የሚተኮስ የሽጉጥ ዒላማ ውድድር (ቡልስአይ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡልስአይ የሚባለውን የሽጉጥ ውድድር እተኩሳለሁ ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚሉኝ «በአንድ እጅ? ለምን?» ነው። ቀጥሎ «እጅህ አይንቀጠቀጥም?» ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎችም ከሰው ሰው ብዙ አይለያዩም፤ እዚህ የሰበሰብኩት እነሱን ነው። የጻፍኩት ለጀማሪ ነው፣ በተለይ «ትንሽ ልለማመድና እወዳደራለሁ» እያለ ወር በወር ላይ ለሚጨምር ሰው።

ቡልስአይ ምን ዓይነት ውድድር ነው?

አሜሪካ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲተኮስ የኖረ የዒላማ ውድድር ነው። ተወዳዳሪው ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሽጉጡን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ፣ ምንም ሳይደገፍ ክብ ክብ የተሰመረበት ወረቀት ላይ ይተኩሳል። ርቀቱ 50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ) እና 25 ያርድ (23 ሜትር ገደማ) ነው። መሮጥ የለም፤ ሽጉጥ ከአፎት መምዘዝም የለም። ሰዓት ግን አለ።

ከቀደምቶቹ ደንብ አውጪዎች አንዱ በ1871 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር (ኤንአርኤ) ነው፤ በደንብ መጽሐፉ ውስጥ የውድድሩ ስም «ፕሪሲዥን ፒስቶል» ነው። ሲኤምፒ የሚባለው ድርጅትም የራሱን ደንብ አውጥቶ ተመሳሳይ ውድድር ያካሂዳል። ተኳሾቹ ግን በሁለቱም ቦታ ቡልስአይ ነው የሚሉት። ኦሊምፒክ ላይ የምናየው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥም በአንድ እጅ የሚተኮስ ስለሆነ፣ አንዱን የለመደ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር ብዙ አይቸገርም።

ለምን በአንድ እጅ?

ሽጉጥ ለረጅም ዘመን የፈረሰኛ መሣሪያ ነበር። አንዱ እጅ ልጓም ይይዛል፣ ሌላው ይተኩሳል። ወታደሩም ፖሊሱም ይማር የነበረው በአንድ እጅ መተኮስን ነው። በኋላ ለውጊያና ለፖሊስ ሥራ ሁለት እጅ እንደሚሻል ታየና ትምህርቱ ተቀየረ፤ ቡልስአይ ግን የድሮውን ይዞ ቀረ። እኔ ጥሩ አደረገ ባይ ነኝ። ሁለተኛው እጅ ብዙ ስህተት ይሸፍናል። በአንድ እጅ ሲተኮስ ግን ምላጩን አጣማ የሳበች ጣት ወዲያው ወረቀቱ ላይ ትጋለጣለች።

የማይተኩሰው እጅ ኪስ ውስጥ ይግባ ወይም ቀበቶ ላይ ይሰካ። እንዲሁ ከተንጠለጠለ ሰውነትን ያወዛውዛል።

በአንድ ውድድር ስንት ጥይት ይተኮሳል?

ሙሉው ውድድር «2700» ይባላል። 270 ጥይት ይተኮሳል፤ እያንዳንዱ ቢበዛ 10 ነጥብ ያስገኛል። በሦስት ይከፈላል፦ 90 ጥይት በ22 ካሊበር (ካሊበር የጥይቱ ውፍረት መጠሪያ ነው)፣ 90 በሴንተርፋየር (32 ካሊበርና ከዚያ በላይ)፣ 90 ደግሞ በ45። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል በዚያው በ45 ሽጉጡ ስለሚተኩስ ሁለት ሽጉጥ ይበቃል።

እያንዳንዱ 90 ጥይት እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ «ስሎው ፋየር» ነው፤ በ50 ያርድ 20 ጥይት፣ ለእያንዳንዱ 10 ጥይት 10 ደቂቃ። ቀጥሎ ከሦስቱም ዓይነት (ከስሎው ፋየር፣ እንዲሁም አሁን ከምገልጻቸው ከታይምድና ከራፒድ) አሥር አሥር የሚተኮስበት የ30 ጥይት ክፍል ይመጣል። ከዚያ በ25 ያርድ 20 ጥይት «ታይምድ»፣ ማለትም አምስት አምስቱን በ20 ሰከንድ፤ በመጨረሻም 20 ጥይት «ራፒድ»፣ አምስት አምስቱን በ10 ሰከንድ።

የአሥር ክቡ ስፋት በሁለቱም ርቀት 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ 4.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ «ኤክስ» የሚባል ትንሽ ክብ አለ። ኤክስ የመታ ጥይት የሚያስገኘው ያው 10 ነው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ሲያመጡ ግን ብዙ ኤክስ ያለው ይበልጣል።

ለጀማሪ ሙሉው 2700 ረጅም ቀን ነው። ብዙ ክለቦች በ22 ብቻ የሚተኮስ «900» ያዘጋጃሉ። ከዚያ ይጀምሩ።

ሽጉጥ የለኝም። መምጣት እችላለሁ?

ይምጡ። ከውድድሩ በፊት ለክለቡ ደውለው ጀማሪ መሆንዎንና ሽጉጥ እንደሌለዎት ይናገሩ። በዚህ ስፖርት ውስጥ ትርፍ 22 ሳጥኑ ውስጥ የማይዝ አሮጌ ተኳሽ ብርቅ ነው፤ ማበደርም ይወዳሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ውድድሮች የተኮስኩት በሰው ሽጉጥ ነው፤ ይህም ቸኩዬ ከመግዛት አድኖኛል። የሦስት አራት ሰው ሽጉጥ እጅዎ ላይ ከሞከሩ በኋላ የትኛው እጀታ መዳፍዎን እንደሚሞላ ራስዎ ያውቁታል።

ለመግዛት ስወስንስ?

መጀመሪያ 22 ብቻ። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ስህተትዎንም ያለ ጫጫታ ያሳይዎታል። ሩገር ማርክ 4 ለጀማሪ በቂ ነው፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 41 ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ የቆየና እስከ ዛሬ የሚያሸንፉበት ነው፤ የጣሊያኑ ፓርዲኒ ደግሞ ገንዘቡ ለማያሳስበው ሰው። ለ45 ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚይዘው ለዒላማ የተስተካከለ «1911» የሚባለው የሽጉጥ ሞዴል ነው።

ደንቡ ምላጩ እስኪለቅ ድረስ የሚሸከመውን ክብደትም ይወስናል። 22 ከ2 ፓውንድ (0.9 ኪሎ ገደማ)፣ ሴንተርፋየር ከ2.5 ፓውንድ፣ 45 ደግሞ ከ3.5 ፓውንድ ማነስ የለበትም። ይህ የሚለካው ክብደት ምላጩ ላይ አንጠልጥሎ ሽጉጡን ወደ ላይ በማንሳት ነው፤ ሳይለቅ ካነሳው አለፈ። ምላጭ የሚያቀልልዎት ሰው የጦር መሣሪያ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን፤ ቤት ውስጥ በሞረድ የተነካካ ምላጭ አደጋ ነው።

ዜጋ አይደለሁም። ሽጉጥ መያዝ እችላለሁ?

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ያለው ሰው መግዛትም መያዝም ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በሕጉ የተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በስተቀር ለአንድ ቀን ተበድሮ መያዝ እንኳ ይከለከላል። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ይጨምራል። «ጓደኛዬ ይዞ ምንም አልሆነ» የሚባል ማስረጃ አይያዙ፤ የኢሚግሬሽን ፋይል ያለዎት ከሆነ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ይህ ስፖርት ለእኔ ይሆናል?

የሁሉም ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። የብሔራዊ ሻምፒዮኑም። ልዩነቱ ጀማሪው መንቀጥቀጡን ሊያቆም ይታገላል፣ ሻምፒዮኑ ይተወዋል።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሽጉጡ ላይ ሁለት ማነጣጠሪያዎች አሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ እስከተስተካከሉ ድረስ ሽጉጡ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢል ጥይቱም ጥቁሩ ውስጥ ነው የሚያርፈው። የሚያዩት መዋዠቅ እውነተኛ ልኩ ያው ነው፤ አይባዛም። ሁለቱ እርስ በርስ ሲዛነፉ ግን ይባዛል። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 18 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ እንበል። የፊተኛው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢዞር፣ 50 ያርድ ላይ ጥይቱ 6 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይስታል። የአሥር ክቡ ከመሀል እስከ ጠርዙ 4.3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ዓይን የማያስተውለው ሩብ ሚሊ ሜትር አሥሩን ወደ ዘጠኝ ያወርደዋል ማለት ነው። ሩብ ሚሊ ሜትሯን የሚያመጣው ደግሞ መንቀጥቀጡ ሳይሆን ጣት ናት።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሽጉጡ ይዋዥቃል፣ ይዋዥቃል፣ ድንገት መሀሉ ላይ ያልፋል። አእምሮ «አሁን!» ይላል። ጣት ትነጥቃለች። ቀኝ እጁ የሆነ ሰው ጥይቱን ታች ግራ ላይ ያገኘዋል። ይህን ስህተት ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ለዓመታት ስላሸነፈኝ ነው። መድኃኒቱ ለመናገር ቀላል፣ ለመኖር ከባድ ነው፦ ሽጉጡ ጥቁሩ አካባቢ ሲረጋጋ ምላጩን መጫን ይጀምሩ፣ መጫኑን አያቋርጡ፣ መቼ እንደሚተኩስ አይወስኑ፤ ዓይንዎ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ይቆይ። ዒላማው ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት። ጥርት ብሎ ከታየዎት ዓይንዎ ከቦታው ሄዷል።

ስሎው ፋየር ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ይዘው ካልተኮሰ ሽጉጡን ያውርዱና እንደገና ይጀምሩ። ለአንድ ጥይት አንድ ደቂቃ አለዎት። ማውረድ ሽንፈት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ወረቀታቸውን አይቼ አውቃቸዋለሁ።

ሬድ ዶት ይሻላል ወይስ የብረት ማነጣጠሪያ?

ሬድ ዶት ቀይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ነው። ደንቡ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ዛሬ መስመሩ ላይ አብዛኛው ሰው ሬድ ዶት ነው ያለው። ዓይኑ የደከመ ሰው አያመንታ። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፦ ቀይዋ ነጥብ መንቀጥቀጥዎን አንድ በአንድ ስለምታሳይ መጀመሪያ ላይ ታስደነግጣለች። በብረቱም ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አያዩትም እንጂ።

አቋሜ እንዴት ይሁን?

እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ልክ ይክፈቱ፣ ሰውነትዎን ከዒላማው መስመር ሰያፍ ያድርጉ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ክንድዎን ያንሱ፣ ትንፋሽ ይውሰዱ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ። ሽጉጡ ከዒላማው ግራ ወይም ቀኝ ከሆነ በክንድዎ አይጎትቱት፤ የኋላ እግርዎን በትንሹ ያንቀሳቅሱና ይድገሙት። ሰውነት በራሱ ወደ ዒላማው የሚያይበት ቦታ አለ፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት ነው። እጀታውን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ከመጀመሪያው ጥይት እስከ አምስተኛው አጨባበጥዎ አይቀየር።

የውድድሩ ቀን ምን ይመስላል?

ሽጉጥዎ ጥይት ሳይኖርበት፣ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይገባል። ቦታ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያንብቡት፣ ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ። የመስመሩ አዛዥ ሲፈቅድ ብቻ ሽጉጡን ያወጣሉ፤ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ባለ ቀለም ፕላስቲክ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው። ሰዎች ዒላማው ጋ ሲሄዱ ሽጉጥ ቀርቶ ሳጥኑን አይነኩም።

ትእዛዞቹ ሁልጊዜ ያው ናቸው። «ሎድ» ሲባል አምስት ጥይት የያዘውን ካዝና አስገብተው ያቀባብላሉ። ከዚያ መስመሩ ዝግጁ መሆኑ ይጠየቃል፤ ካልሆኑ እጅዎን አንስተው ይናገሩ፣ ማንም አይቆጣዎትም። ቀጥሎ «ሬዲ ኦን ዘ ራይት… ሬዲ ኦን ዘ ሌፍት… ሬዲ ኦን ዘ ፋየሪንግ ላይን» ይባላል። ይህን ጊዜ ክንድዎ ተዘርግቷል፣ ትንፋሽዎ በግማሽ ቆሟል። ጎናቸውን ሰጥተው የቆሙት ወረቀቶች ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዞራሉ። በመካኒኩ ድምፅና በመጀመሪያው ተኩስ መካከል ያለችው ቅጽበት ከዚህ ስፖርት አልላቀቅም ያሰኘችኝ ናት።

አሥር ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ ለአምስት ጥይት ግን ይበቃል። ጊዜ የሚያልቀው የመጀመሪያው ጥይት ሲዘገይ ነው። ወረቀቱ መዞር ሲጀምር ጣትዎ መጫን ይጀምር። ሽጉጡ ተኩሶ ሲመለስ ቀጣዩ መጫን ተጀምሮ ይቆየው። አንዱ ጥይት እንደከፋ ከተሰማዎት ወረቀቱ ላይ አይፈልጉት፤ ሲፈልጉ ቀጣዩም ይከፋል።

ሽጉጤ መሀል ላይ ቢከሽፍስ?

አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንዳለ ይቆዩ፣ የማይተኩሰውን እጅዎን ያንሱ፣ ሊጠግኑት አይሞክሩ። ኃላፊው መጥቶ ያየዋል። የመሣሪያ ወይም የጥይት ችግር ከሆነ «አሊባይ» ይባልና አምስቱን እንደገና ይተኩሳሉ። በኤንአርኤ ደንብ ወረቀቱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ አሊባይ ጥቅም አይደለም። ሽጉጥዎን ያጽዱ፣ በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥይት ይጠቀሙ።

ተኩሱ ሳይወጣ «ጠቅ» ብቻ ያለ ጥይት ከቆየ በኋላ ሊፈነዳ እንደሚችል ካልተዘነጋ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

ነጥብ የሚቆጥረው ማን ነው?

ጎረቤትዎ የእርስዎን፣ እርስዎ የጎረቤትዎን። የራሱን ማንም አይቆጥርም። የጥይቱ ቀዳዳ መስመሩን ከነካ ከፍተኛው ነጥብ ይያዛል፤ ካጠራጠረ ቀዳዳው ውስጥ የምትገባ መለኪያ አለች። የራስዎን ቀዳዳ በጣት አይንኩ፤ ከነኩት የመከራከር መብትዎን ያጣሉ።

አሁን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያንብቡ ያልኩበት ምክንያት። በሁለተኛው ውድድሬ ራፒድ ፋየር ተኩሼ ወደ ወረቀቴ ስሄድ ከአሥሩ አምስት ብቻ አገኘሁ። የቀኝ ጎረቤቴ ወረቀት ላይ አሥራ አምስት ነበር። ደህና አድርጌ ነበር የተኮስኩት፤ በሰው ዒላማ ላይ። ያ አምስት ጥይት ለእኔ ዜሮ ሆኖ ተጻፈ፣ ሰውየው ደግሞ በእኔ ጥፋት እንደገና መተኮስ ነበረበት። ይቅርታ ስጠይቀው ጆሮዬ እስኪቀላ አፍሬ ነበር። እሱ የነጥብ ካርዱን እየሰጠኝ «ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ አድርገነዋል» አለኝና የማነጣጠርያ ሰዓቴ ሳይጀምር ቁጥሬን ከታች ወደ ላይ እንዳነብ አሳየኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ደረጃ አለ?

አለ፤ የሚወዳደሩት ከእኩያዎ ጋር ነው። በሜዳ ውድድር አማካይዎ ከ85 በመቶ በታች ከሆነ ማርክስማን፣ ከ85 ጀምሮ ሻርፕሹተር፣ ከ90 ኤክስፐርት፣ ከ95 ማስተር፣ ከ97 ጀምሮ ሃይ ማስተር ይባላሉ። ከኤክስፐርት ወደ ማስተር ያለው መንገድ ከመነሻው እስከ ኤክስፐርት ካለው ይረዝማል።

ቤት ውስጥ እንዴት ልለማመድ?

ያለ ጥይት። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ምንም ያልተሰቀለበት ነጭ ግድግዳ ፊት ይቁሙና ምላጩን ይሳቡ። ዒላማ ስለሌለ ዓይን ማነጣጠሪያው ላይ ከመቆየት በቀር የሚሄድበት የለውም፤ ምላጩ ሲለቅ ማነጣጠሪያው ከተንቀሳቀሰ ያዩታል። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከሚተኮስ መቶ ጥይት ይበልጣል። አንዳንድ 22 ሽጉጥ ባዶውን ሲተኮስ ስለሚጎዳ መመሪያውን ያንብቡ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ጓደኛዎ ካዝናውን ይሙላልዎት፤ ከጥይቶቹ መሀል አንድ ሁለት የማይተኩሱ የልምምድ ጥይቶች ደባልቆ። የማይተኩሰው ላይ ሲደርሱ አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ካለ፣ ሰውነትዎ ድምፁን ፈርቶ አስቀድሞ እየተዘጋጀ ነው። ይህን ራስዎ ሳያዩት ማንም ቢነግርዎት አያምኑም።

ታላቁ ውድድር የት ነው?

ስሙ የገነነው ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ሐይቅ ዳር ያለው ካምፕ ፔሪ ነው፤ ብሔራዊ ውድድሮቹ ወደዚያ የሄዱት በ1907 ነው። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የተዘረጋ ክንድ ላይ ምን እንደሚሠራ የተኮሰ ያውቀዋል። ብራያን ዚንስ የተባለው የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ (ማሪን) ብሔራዊውን ሻምፒዮና 12 ጊዜ አሸንፏል። በ1974 ኸርሸል አንደርሰን ከ2700 2680 ተኩሷል፤ በ270 ጥይት ያጣው 20 ነጥብ ብቻ ነው። ሂዩሌት «ጆ» ቤነር ደግሞ በዚሁ ስፖርት አድጎ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ የ50 ሜትር ሽጉጥ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል።

ለመወዳደር ዝግጁ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ሽጉጥዎን በደህንነት መያዝ፣ መሙላትና ባዶ ማድረግ ከቻሉ፣ አሥር ጥይትዎም ወረቀቱ ላይ ካረፈ ዝግጁ ነዎት። የሚጠብቁት ነጥብ አይኑር። ለመጀመሪያው ቀን የምመክረው ግብ ትእዛዙን ሁሉ ሰምቶ 90ውን ጥይት መጨረስ ነው። ልምምድ ላይ ሰዓቱ፣ ጎረቤቱና ትእዛዙ ስለሌሉ የውድድሩ ልብ ምት ከውድድር በቀር የሚለመድበት ቦታ የለም።

ከጨረስኩ በኋላስ?

ምንም ነገር ከመብላትዎ በፊት እጅዎንና ፊትዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ የጥይቱ እርሳስ ቆዳ ላይ ይቀራል። ልብስዎን ለብቻ ይጠቡ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ጫማዎን ከበር ውጭ ያውልቁ። ከዚያ ደብተር ያውጡና ነጥቡን ሳይሆን ጥሩ የሄደውን አንድ ጥይት ይጻፉ፦ ምላጩ እንዴት እንደተሰማዎት፣ ዓይንዎ የት እንደነበረ፣ እጀታውን ምን ያህል እንደጨበጡ። በሚቀጥለው ውድድር የዝግጅቱ ሦስት ደቂቃ ሲጀመር የሚያነቡት ያንን ገጽ ነው።